አምባዛው ሽማግሌ

ጠብ ከጥላቻ ይወለዳል የሚሉ ሰዎች ሰፊ ቤት ያላቸው ናቸው። ጠብ የሚወለደው ከጠባብ ነው! ቃሉ ራሱ አይመሰክርም? “ጠባብ” ሲባል “ጠብ” ከውስጡ ገብቶ ተቀምጧል። ሁለት መላእክት አንድ ክፍል ተከራይተው ይኑሩ እስቲ… ወር ሳይሞላ በክንፍ ሲማቱ ጎረቤት ይገላግላቸዋል። አታምኑኝም? እሺ፣ መላእክቱ ይቅሩ፤ ዓሣ እንውሰድ።

አዎ፣ ዓሣ! አትሳቁ። የእናንተ እንጀራ በዓሣ ጅራት ላይ ተንጠልጥሎ ስለማያውቅ ነው የምትስቁት። የእኔ ተንጠልጥሏል።

የምሠራው እዚሁ ናዝሬት፣ የአሰብ ከባድ መኪናዎች ጥሩምባቸውን እያስጮኹ ከሚያልፉበት መንገድ ዳር ባለ ሆቴል፣ እንግዳ መቀበያ ላይ ነው። ስሜ ትዕግሥት ይባላል፤ እናቴ ስታወጣልኝ ገና አታውቀኝም ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ። ቅጥሬ ግን “ጊዜያዊ” ነው። ጊዜያዊነት ምን እንደሆነ ያልቀመሰው አያውቀውም፤ ጊዜያዊ ሠራተኛ እንኳን ልትታመም፣ ስታስነጥስም ግራ ቀኝ አይታ ነው። “ቋሚ” የሚለውን ቃል ያወጣው ሰው ደግሞ መቼም ቀልደኛ ነበር። ቋሚ የተባሉት ወንበራቸው ላይ ሲያንቀላፉ ይውላሉ፤ ቆሜ የምውለው እኔ!

ታዲያ አንድ ቀን ሥራ አስኪያጃችን ለስብሰባ አሰብ ደርሶ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። አንድ ቢሮ ውስጥ በመስታወት ሣጥን የሚኖሩ፣ አውራ ጣት የሚያካክሉ፣ ባለ ቀለም የባሕር ዓሦች አይቷል። አይቶ ዝም ቢል ምን ነበረበት? ጠራኝ።

“ትዕግሥት! ባዮሎጂ ስንት ነበር ያመጣሽው?”

“ቢ፣ ጓድ።”

“ግሩም! ከላይ የሚመጡ እንግዶች ወደ ላንጋኖ ሲያልፉ ምሳ እኛ ጋ ነው የሚበሉት። ሲገቡ የባሕር ዓሣ ይቀበላቸዋል። ኃላፊዋ አንቺ ነሽ።”

“ጓድ፣ እኔ እኮ የተማርኩት እንቁራሪት መቅደድ ነው።”

“ዓሦቹ በሕይወት ቆይተው እንግዶቹ ካዩአቸው ቋሚ ትሆኛለሽ።”

“ካልቆዩስ?”

“ጊዜያዊ፣ ጊዜ አለው” አለኝ። ሰውየው ሲያሰኘው ቅኔም ይዘርፋል።

እንግዲህ “ቋሚ” የምትለዋን ቃል የሰማ ጊዜያዊ ምን እንደሚሆን አትጠይቁኝ። ከተሰበረ የኬክ ማሳያ የተረፈውን መስታወት መስኮት ሠሪ ጋ ወስጄ በስቱኮ አስያያዝኩት። ሲያልቅ ከሳሙና ካርቶን አይበልጥም። “ይህ ለዓሣ ነው ለዝንብ?” ብሎኛል ሠሪው። አየር የሚነፋ መሣሪያ ከየት ይምጣ? ከጎሚስታ አሮጌ የመኪና ጎማ ላስቲክ ለምኜ አስነፋሁና፣ በግሉኮስ ቱቦ አየሩ ውሃው ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ እንዲል አደረግሁ። እንግዳ ሲመጣ ላስቲኩን በነጠላዬ እሸፍነዋለሁ። ከበስተኋላዬ “ስስስ” ሲል እየሰማ በጥርጣሬ የሚያየኝ እንግዳ ብዛቱ… እሱን ተዉት።

ቀጥሎ የዓሦቹ ምርጫ መጣ። የሰፈራችን ሹፌር ጋሽ ቱፋ፣ የመቂ ሰው፣ በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል። ጀሪካኖች ሰጠሁትና ለመንኩት፤ ከባሕሩ ውሃ፣ ከባሕሩ ድንጋይ፣ ከዓሣ አጥማጆቹም ጥቂት ዓሣ።

“ጋሽ ቱፋ፣ ትንንሽ ይሁኑ። ዋናው ነገር ግን የማይባሉ ይምረጡልኝ።”

“ምን የማይባሉ?”

“እርስ በርስ ነዋ!”

“እርስ በርሳቸው ምን እንደሚባባሉ እኔ በምን አውቃለሁ? የዓሣ ቋንቋ አልችል!”

“መብላት ነው የምልዎት፣ መበላላት! አንዱ አንዱን እንዳይበላው!”

“ኤጋ፣ ታዲያ እንዲያ አትዪኝም? አብሽር፣ ልጄ!”

አብሽር ያለ ሹፌር መንገድ ላይ አያድርም፤ ጋሽ ቱፋም በርሃውን አቋርጦ፣ ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ፣ ከነሕይወታቸው አመጣልኝ። ብርቱካን መልክ ያላቸው፣ ወገባቸውን በነጭ ቀበቶ የታጠቁ ባልና ሚስት የሚመስሉ ሁለት። አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ዓይኑን ብቻ የሚያወጣ፣ ቀበሌ ያልተመዘገበ ተከራይ የሚመስል አንድ ዓይን አፋር። አራተኛው ደግሞ እንደ እስክሪብቶ ቀለም ሰማያዊ፣ ከሁሉም የሚያንስ፣ ዓይነ ግቡ።

“እንዴት መረጧቸው?” አልኩት።

“አልመረጥኩም። አንድ መረብ ውስጥ ነው የተያዙት። አብሮ የታሰረ ይስማማል ብዬ ነው።”

አብሮ የታሰረ ይስማማል! ጋሽ ቱፋ ታስሮ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ገባኝ።

ወጥ ቤት ኃላፊያችን እትዬ በላይነሽ መጥታ መስታወቱን ዞር ዞር ብላ አየችው። “ለጥብስ አይደርሱ፣ ለጉላሽ አይበቁ… ምን ሊሠሩ መጡ?” ጣቷን ነከረች፣ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገችና ላሰችው። “ጨውስ በዝቶበታል!” የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል የተባለው እንዲህ ያለውን ቀን አይቶ መሆን አለበት። ከወጥ ቤት ጥሬ ዓሣ ለምኜ አድቅቄ ሳበላቸው ደግሞ “አንቺ ልጅ፣ ዘመዳቸውን ነው እኮ የምታጎርሻቸው!” ብላ አማተበችብኝ።

ለጊዜው ሰላም ነበር። ከዚያ ሰማያዊው ነቃ!

ምን ልበላችሁ… ያ አውራ ጣት የማያህል ፍጡር መሐል ያለችውን ድንጋይ ያዘ። ያዘና “ይህች የእኔ ናት” አለ። ቀጥሎ ከድንጋዩ አጠገብ ያለውን አሸዋ “ይህም የእኔ ነው” አለ። ባለ ቀበቶዎቹ ዝር ሲሉ ይነክሳል፤ ዓይን አፋሩ ዓይኑን ሲያወጣ ዓይኑን ይለዋል። በመጨረሻ ሦስቱ አንድ ጥግ ላይ ተዛዝለው፣ ሳሙና ካርቶን ከምታህለው ዓለም አብዛኛውን እሱ ብቻውን ይንሸራሸርባት ጀመር። ርስት ቀርቷል ሲባል ሰማያዊው አልሰማም!

“ይህ ዓሣ ፊውዳል ነው!” አለ ሥራ አስኪያጁ፣ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ። “ድንጋዮቹን አዘዋውሪያቸው፤ ይዞታው ይበተን!”

አዘዋወርኩ። ቀኙን ግራ፣ ላዩን ታች አደረግሁት። ሰማያዊው ግራ ተጋብቶ አንዴ ዞረ… ሁለቴ ዞረ… ከዚያ አዲሱን ድንጋይ ያዘ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም።

ከባለ ቀበቶዎቹ አንዷ መረራት መሰለኝ ከመስታወቱ ዘልላ ወጣች። የት ወደቀች ብትሉ፣ የእንግዳ መመዝገቢያው ላይ! ተዘርግታ አፏን ስታንቀሳቅስ ክፍል አለ ወይ የምትል ነው የምትመስለው። “ሞልቷል!” ብዬ በማንኪያ አንሥቼ መለስኳት። ምን ላድርግ? ሌላ የባሕር ውሃ የለ፣ ሌላ መስታወት የለ። እንግዶቹ ደግሞ በነጋታው ይደርሳሉ ተብሏል። አንድ ሬሳ ቢንሳፈፍ ከሬሳው ጋር የሚንሳፈፈው የእኔ ቋሚነት ነው።

“ጓድ፣ ሰማያዊውን ብቻ እናውጣው። ጋሽ ቱፋ ሲሄድ አሰብ ይመልሰው” አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ ደነገጠ። “ከሁሉ የሚያምረውን?!”

እዚህ ላይ ጋሽ ቱፋ፣ ሻይ ሊጠጣ ገብቶ፣ ምክር አመጣ። መቼም ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል…

“እኛ አገር ሁለት ሰው ሲጣላ” አለ፣ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ “ጃርሳ ነው የሚገባው። ሽማግሌ! እነዚህ ሁሉም ልጆች ናቸው። ልጅ ብቻውን ተትቶ ሰላም ታይቶ ያውቃል?”

እኔ ሣቅሁ። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሣቀም። ዓይኑ በራ።

“ትልቅ ሐሳብ ነው! አንድ ጠና ያለ ዓሣ ከመሐላቸው ቢኖር ይፈራሉ። ለዚያውም ከዝዋይ ሐይቅ እናምጣ! እስካሁን ሁሉም የባሕር ዓሣ ነው፤ የስምጥ ሸለቆ አልተወከለም። ተዋጽኦውም ይሟላል!”

ሌሊቱን ሰው ልኮ ኖሮ፣ በማለዳ በባልዲ መጣ። አንባቢዎቼ፣ ምን እንደመጣ ታውቃላችሁ? አምባዛ! ከመዳፍ የረዘመ፣ አፈ ሰፊ፣ ጢሙ በግራና በቀኝ የተንዠረገገ አምባዛ!

“ጢሙን አየሽው?” አለ ሥራ አስኪያጁ በአድናቆት። “ፍጹም ሽማግሌ!”

“ጓድ፣ ይህ ሽማግሌ አይደለም፤ አምባዛ ነው። አምባዛ ያገኘውን ይውጣል!”

“አንቺ ለጢም ክብር የለሽም።”

“ደግሞ የሐይቅ ዓሣ ነው። የጨው ውሃ ይገድለዋል!”

“እኛስ ከገጠር መጥተን ከተማ ለምደን የለ? ይለምዳል።”

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የእኔ አፍ ግን ተከፍቶ ነው የተፈጠረው። ተጨቃጨቅሁ፣ ለመንኩ፣ ባዮሎጂ ጠቀስኩ። “ቋሚ መሆን ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?” አለኝ። እፈልጋለሁ። ባልዲውን አነሣሁ።

ሽማግሌው ገባ። መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ሽማግሌ ዝም ብሎ ታች ተቀመጠ። ጢሙን አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ አለ፤ የሁለቱንም ወገን ቃል የሚሰማ ነው የሚመስለው። ለጠዋት ሻይ የመጣው ጋሽ ቱፋ “አየሽ? እያደመጠ ነው” አለኝ። እኔም በመሐሉ የእንግዶቹን ጠረጴዛ አዘጋጂ ተብዬ ወደ ምግብ አዳራሹ ሄድኩ።

ስመለስ ሥራ አስኪያጁ መስታወቱ ፊት ቆሞ ያፏጫል።

“መጣሽ? ተመልከቺ! ጠብ የሚባል ነገር የለም!”

ተመለከትኩ። እውነቱን ነው፣ ጠብ የለም። ተጣይም የለም! ባለ ቀበቶዎቹ የሉም፣ ዓይን አፋሩ የለም፣ ሰማያዊውም አይታይም። ያለው አንድ ሽማግሌ ብቻ፤ ሆዱ እንደ ድግስ ማግስት ተነፍቶ።

“ጓድ… ሌሎቹስ?”

“እ… እየተመካከሩ ይሆናል፣ ከድንጋዩ ኋላ።”

“ከሽማግሌው ውስጥ ነው እንጂ!”

ፊቱ አመድ መሰለ። በዚህ ቅጽበት በር ላይ መኪናዎች ቆሙ። እንግዶቹ!

ከፊት የገቡት ፀጉራቸው የሸበተ ትልቅ ሰው ነበሩ። በቀጥታ ወደ መስታወቱ። ሥራ አስኪያጁ የተለማመደውን ንግግር ጀመረ፤ ማቆም አቃተው።

“ይህ እንግዲህ… ከቀይ ባሕር በልዩ ጥንቃቄ ተመርጠው የመጡ…”

ትልቁ ሰው ጎንበስ አሉ። መነጽራቸውን አስተካከሉ።

“ጓድ፣ እኔ የዝዋይ ልጅ ነኝ።”

“እ… እንኳን ደስ አለዎት!”

“አምባዛ ስይዝ ነው ያደግሁት።”

 ቡልቅ፣ ቡልቅ… ከጎማው በቀር የሚተነፍስ የለም። እኔማ በልቤ ሻንጣዬን እያሰርኩ ነው። ይባስ ብሎ ሽማግሌው፣ ጨዉ አንጀቱ ገብቶ፣ አንዴ ተንገዳገደ፣ አንዴ አፉን ከፈተ፣ በእንግዶቹ ሁሉ ፊት በጀርባው ተገለበጠ!

ያን ጊዜ ነው ከድንጋዩ ቀዳዳ ያ ሰማያዊ ብቅ ያለው። ሽማግሌ ሲገባ ተሸጉጦ፣ ጎረቤቶቹ ሲዋጡ ድምፁን አጥፍቶ… አሁን ወጣ። በቀስታ ወደ ሬሳው ቀረበ፣ አንዱን የሽማግሌ ጢም ነከሰ፣ ከዚያ ዞር ብሎ በትልቁ ሰው ፊት ወዲህ ወዲያ ይንሳፈፍ ጀመር። ሽር ብትን!

ትልቁ ሰው በሣቅ ፈነዱ። እሳቸው ሲስቁ አጃቢዎቹ ሣቁ፤ አጃቢዎቹ ሲስቁ ሥራ አስኪያጁ ከሁሉም አስበልጦ ሣቀ።

“ይህችስ ጀግና ናት!” አሉ። “በደንብ ይያዝ ይህ ዓሣ።”

“በሚገባ ጓድ! እኔ ራሴ ነኝ የመረጥኩት!”

እንግዶቹ ምሳቸውን በልተው ወደ ላንጋኖ ነጎዱ። እኔም ጊዜ አላጠፋሁም፤ ቢሮው ገባሁ።

“ጓድ፣ እንግዶቹ አይተዋል። ወደዋል። ቋሚነቴስ?”

“ምን ነበር ያልኩሽ?”

“ዓሦቹ በሕይወት ከቆዩ ብለዋል።”

“ዓሦቹ! ስንት ቆየ?”

“አንድ።”

“አንድ ዓሣ ዓሦች ይባላል? አሥራ ሁለተኛን የጨረሽው ሰዋስው ሳትማሪ ነው?”

ሦስቱን የበላው ሽማግሌ የማን ሐሳብ እንደነበር ላስታውሰው አፌን ስከፍት፣ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ቀለምና ብሩሽ ይዞ በአጠገቤ አለፈ። ከላይ “በደንብ ይያዝ” ተብሏልና፣ መስታወቱ ከነዓሣው በሆቴሉ ንብረትነት ተመዝግቧል። በመስታወቱ ግንባር ላይ በነጭ ቀለም፣ በሚያምር ጽሕፈት ተጻፈበት፤ “ቋሚ ንብረት”።

እንግዲህ ጊዜያዊዋ በየማለዳው ቋሚውን አበላለሁ፣ መስታወቱን እወለውላለሁ፣ ጎማውን አስነፋለሁ። እሱ ድንጋዩ ላይ ጋደም ብሎ ያየኛል።

ቋሚ መሆን የምትሹ ስሙኝ፤ ጎረቤት ንከሱ፣ ሽማግሌ ሲመጣ ተደበቁ፣ ትልቅ ሰው ሲመጣ ብቅ ብላችሁ ጅራት ቁሉ። ጅራት ከሌላችሁ… እንደ እኔ ጊዜያዊ ናችሁ።