አዲሱ መኪና በእንግሊዝኛ ሲታመም

እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ከተበላሸ መኪና አጠገብ ፈጽሞ አይቁም! መካኒክ ይቁም፣ ሥራው ነው። ምንም የማያውቅ መንገደኛም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቁም፣ ማንም አይፈርድበትም። እንግሊዝኛ አዋቂው ግን የቆመ እንደሆነ «አንተ የተማርከው ሰውዬ፣ እስኪ አንብበው!» ይባላል። ጉዱ የሚፈላው ያን ጊዜ ነው። ከየት አመጣኸው ትሉኝ ይሆናል… ከራሴ ነዋ!

ቢቸና ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በነዚህ ሁሉ ዓመታት እውቀቴን ከፈተና ወረቀት ውጭ የፈለገ ሰው አልነበረም። የባለቤቴ ወንድም ይበልጣል አዲስ የጭነት መኪና ሲገዛ ግን ቀኔ ወጣ። የድሮ መኪናው ሲታመም በድምፁ ነበር የሚያውቀው። ካንኳኳ ይኼ ነው፣ ካፏጨ ያ ነው ይል ነበር። አዲሱ አያንኳኳም፣ አያፏጭም። ቅር ሲለው ቢጫ መብራት ያበራና ዝም ይላል። የታመመበትን ለማወቅ የክብሪት ቀፎ የምታክል መሣሪያ ከመሪው ሥር ይሰካል፤ እሷም የብልሽቱን ኮድ ወደ ስልክ ትልካለች። ኮዱም እንግሊዝኛ፣ ማብራሪያውም እንግሊዝኛ!

«መምህር፣ የመጀመሪያውን ጉዞ አብረኸኝ ትሄዳለህ» አለኝ ይበልጣል። «እኔ እነዳለሁ፣ አንተ ታነባለህ።»

ጭነቱ ለአንድ የሞጣ ነጋዴ የሚደርስ ጤፍ ነበር። ጋቢናው ውስጥ ሦስት ሆነን ገባን። ይበልጣል መሪው ላይ፣ እኔ በሩ ጋ፣ መሃላችን ደግሞ እናቱ፣ ማለትም አማቴ እማሆይ። ሞጣ ያለችው ልጃቸው ወልዳ ሊጠይቋት ነው የሚሄዱት። መቁጠሪያቸውን ይዘው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ተቀመጡ። ቢቸና ማደያ ናፍጣ ሞላንና በሰላም በጤና ወጣን።

ደብረ ወርቅን አልፈን ወደ ግንደወይን ስንጓዝ አንዷ ዳገት ላይ መኪናው መንፏቀቅ ጀመረ። ይበልጣል ነዳጅ ቢረግጥ፣ ማርሽ ቢቀይር… ወይ ፍንክች! ቢጫው መብራት ቦግ አለ። ዳር ይዘን ቆምን።

«ምን ሆነ?» አልኩ።

«እኔን ትጠይቀኛለህ እንዴ? አንብበው እንጂ!»

መሣሪያዋን ለመሰካት ጭንቅላቴን ከፔዳሎቹ መሃል ወሽቄ፣ ወገቤን መቀመጫው ላይ ትቼ፣ እግሬን ወደ አስፋልቱ ሰድጄ ቀረሁ። በዚያ በኩል ሲያልፉ ተማሪዎቼ አይተውኝ ከሆነ ከሰኞ ጀምሮ ክፍል ውስጥ ጸጥታ የሚባል ነገር የለም። እንደምንም ሰካሁና ስልኬን ይዤ ወጣሁ።

«ፒ 0087» አልኩ፣ ድምፄን ጎላ አድርጌ። «የነዳጁ ግፊት ወርዷል ይላል።»

«ለምን ወረደ?»

«እሱን አይልም።»

«እና ምን ልትሆን ነው የተማርከው?»

ተናደድኩ። ስልኩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ወደ ታች ሳወርደው እግዜር ይስጠው ሁለተኛ ኮድ አለ። ፒ 2269። ማብራሪያውን አነበብኩት፣ ደግሜም አነበብኩት። «በናፍጣው ውስጥ ውሃ አለ!» አልኩ።

እዚህ ላይ አፌን ብዘጋ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አታነቡም ነበር። ነገር ግን ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አይደል የሚባለው? እኔም የመኪና ሊቅ ሆንኩላችሁ። ጉሮሮዬን ጠረግ አደረግሁና «መቼም ውሃ በእግሩ ሄዶ ታንከር ውስጥ አይገባም። ሰው ነው የጨመረው!» አልኩ። ልብ በሉ፣ ይህቺን የመጨረሻዋን መሣሪያው አላላትም። የራሴ ናት።

እማሆይ ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄን ለተማረ መዳሬ ዛሬ ገና ገባኝ» አሉ። ካገባኋት ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው እኮ! ደረቴ ተነፋ። ይበልጣል ግን ስልኩን አውጥቶ፣ ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ እየደወለ ነበር።

የደወለው ለዋለ ነው። ዋለ ጠዋት ናፍጣ የቀዳልን የማደያ ሠራተኛ ነው። አራት ልጆች አሉት፣ ሁለተኛው እኔ ጋ ይማራል። ሲቀዳ ጠብታ እንዳትፈስ የሚሳሳ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው።

«አያ ዋለ! ውሃ መሸጥ ጀመርክ?»

«ምን? ኧረ በሥላሴ! ምን ሆነሃል ይበልጣል?»

«መኪናዬን ገደልከው! ማሽኑ ተናግሯል!»

«የምን ማሽን?»

«የእንግሊዝኛ ማሽን ነው፣ አይዋሽም! መምህሩ ራሱ ነው ያነበበው!»

የዋለ ድምፅ ወረደ። «መምህሩ ካሉማ… እኔ ምን እላለሁ። ግን በልጆቼ እምላለሁ፣ አንዲት ጠብታ አልጨመርኩም።»

«ለማደያው ባለቤት የኮዱን ፎቶ እልክለታለሁ! ነገ ደግሞ ንግድ ጽሕፈት ቤት ነኝ!» ብሎ ዘጋው ይበልጣል። ፎቶው ከተላከ ዋለ በማግስቱ ከሥራ ውጭ ነው፤ ይህን ሦስታችንም እናውቃለን። የተነፋው ደረቴ ትንሽ ተነፈሰ።

ይበልጣል ከኋላ መፍቻ ሊፈልግ ሲሄድ እማሆይ እጅጌዬን ሳብ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ይኼ ስልክህ…»

«አቤት እማሆይ።»

«ውሃውን ማን እንደጨመረው ይናገራል?»

«ኧረ የለም፣ ውሃ መኖሩን ብቻ ነው የሚናገረው።»

«ተመስገን» አሉ። ወዲያው ደግሞ ፊታቸው ጭፍግግ አለ። መቁጠሪያውን ቢቆጥሩትም ከንፈራቸው አልተንቀሳቀሰም።

ያን ጊዜ ነው ጠዋት ያየሁት ትዝ ያለኝ። ማደያው ላይ ይበልጣል ሊከፍል ሲሄድ፣ ዋለም ወደ ሌላ መኪና ሲዞር፣ እማሆይ «እግሬን ላፍታታ» ብለው ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ይዘው ወርደው ነበር። ሲወርዱ ሙሉ ነበረ። ሲመለሱ ባዶ! ፊታቸውን ታጠቡበት ብዬ ነበር ያለፍኩት።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ብናገር አማቴን ማጋለጤ ነው፣ ያውም ከሃያ ዓመት በኋላ ባመሰገኑኝ በአምስተኛው ደቂቃ! ዝም ብል ዋለ እንጀራውን ሊያጣ ነው። ጀግና ቢሆን ኖሮ ይናገር ነበር። እኔ ግን መምህር ነኝ፣ ጥያቄውን ለመቀየር ሞከርኩ።

«ይበልጣል… ሳስበው ሳስበው ጤዛም ሊሆን ይችላል።»

«ጤዛ? በዚህ ጠራራ ፀሐይ?»

«እ… እንፋሎት ማለቴ ነው። ታንከሩ ሲግል…»

«ቅድም ውሃ፣ ቀጥሎ ጤዛ፣ አሁን እንፋሎት! ሰውዬ፣ እንግሊዝኛ ነው የምታስተምረው ወይስ የአየር ጠባይ?»

ሳያጣሩ ወሬ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ወሬውን ነዝቼ ጎፈሬውን ካበጠርኩ በኋላ ነው ማጣራት ያማረኝ። ይበልጣል ከመኪናው ሥር ገባና የናፍጣ ፊልትሮውን ማፍሰሻ ፈታው። እውነትም ውሃ! ኩልል እያለ መሬት ላይ ወረደ። ከሥር ወጥቶ የፈሰሰው ላይ ቆመና በጫማው እየመታ «ያውላችሁ! የዋለ ሥራ!» አለ።

«እግርህን!» የሚል ጩኸት ከጋቢናው ተሰማ። እማሆይ በዚያ ዕድሜያቸው እንዴት ዘለው እንደወረዱ አላውቅም። «እግርህን አንሣ አንተ! ጸበሉን ረገጥከው እኮ!»

ይበልጣል አንድ እግሩን አንሥቶ ቀረ።

«የምን ጸበል?»

ጉዱ ወጣ። መኪናው የተገዛ ዕለት ቄስ ጠርተን ጸበል አስረጭተነው ነበር። እማሆይ ግን ልባቸው አላረፈም። «ቄሱ ላይ ላዩን ረጭተውት ሄዱ። ሰው ሲታመም ተጠምቆ ብቻ ይድናል? ይጠጣል እንጂ! የዚህን ፍጥረት ሆዱን ማን አሰበለት?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ትከለክሉኛላችኋ!»

«ዋለን እንደዚያ ስሰድበው እየሰሙ ዝም ይላሉ?»

እማሆይ አቀረቀሩ። «አፌ ተያዘ ልጄ። ማሽኑ አሁን ስሜን ይጠራል፣ አሁን ይጠራል እያልኩ ስጠብቅ ነበር» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። አንጀቴን በሉት። አፍሬም ነበር። እሳቸው ለጸበሉ ክብር ብለው ራሳቸውን አጋለጡ፣ እኔ ግን ነገሩን እያወቅሁ ስለ ጤዛ ስቀባጥር ቆይቻለሁ።

ይበልጣል ፊልትሮውን ዘጋ፣ በእጅ ፓምፑ ናፍጣ ገፋ፣ ሞተሩም ተነሣ። እኔም ኮዱን አጠፋሁት። ከዚያ ዋለ ጋ ተደወለ።

«አያ ዋለ፣ በእግዜር ይቅር በለኝ። ናፍጣህ ንጹሕ ነው። የተሳሳተው ማሽኑ ነው» አለ ይበልጣል። ምስኪን ማሽን! ከሁላችን እውነቱን የተናገረ እሱ ብቻ ነበር።

«ማሽኑን ተወውና መምህሩን አገናኘኝ» አለ ዋለ።

ስልኩን ተቀበልኩ።

«መምህር፣ ይበልጣል ቢሰድበኝ አልከፋኝም። ሲበርድለት ይረሳዋል። እርስዎ አነበቡት ሲል ግን የስልኬ ድምፅ ማጉያ ክፍት ነበርና ማደያው ሙሉ ሰው ሰማ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያስቀዳ የታንከሩን አፍ ያሸታል። ጋዜጣ ላይ ይጽፋሉ አሉ። እዚያው ላይ ይጻፉልኝ።»

እነሆ ጻፍኩ። ዋለ ናፍጣ ውስጥ ውሃ አልጨመረም። ኮዱ «ውሃ» አለ እንጂ «ሰው» አላለም፤ «ሰው» ያልኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ዋለ፣ ይቅር በለኝ።

እማሆይን ሳላስፈቅድ ማውጣት ነውር ነውና ጽሑፉን ቤታቸው ሄጄ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ሁሉም ልክ ነው» አሉ። «አንዲት ነገር ብቻ አስተካክል። መኪናው ተበላሸ አትበል።»

«ምን ልበል እማሆይ?»

«ጸበሉን ጠጣና ለፈለፈ በል። ቀድሞም የያዘው ነገር ነበረ!»