የሚስተር ቨርሎን ማብራሪያ

ኳስ ሜዳ ባለበት ሁሉ፣ ጨዋታውን ከአሰልጣኙ አብልጦ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ዕድለኛ ሰው ከዚህ ሊቅ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። የእኔ ወንበር ግን ከክቡር ሚስተር ቨርሎን ቴት ጎን ነው።

ሞላላዋን ኳስ ታቅፈው የሚላተሙት የኮሌጃችን ልጆች ዘንድሮ የመጀመሪያውን ጨዋታ አርባ አንድ ለሦስት ተሸነፉ። በእኛ የሚሲሲፒ ከተማ ቅዳሜ ከተሸነፍን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዝሙሩ ራሱ ይቀዘቅዛል። አንገቴን ደፋሁ። ሚስተር ቨርሎን የተቀቀለ ኦቾሎኒ እየፈለፈሉ፣

"ሆን ብለው ነው" አሉ።

"የተሸነፉት?"

"ታዲያስ! ተጋጣሚ እንዲንቀን ነዋ። የናቀ ይዘናጋል።"

በሁለተኛው ሳምንት ናቁን። በሦስተኛውም ናቁን። በአራተኛው ንቀቱ ከመጠን አልፎ እንግዶቹ ተቀያሪዎቻቸውን አስገቡ፤ ተቀያሪዎቹም አሸነፉን።

ዳኛው ጥፋት አይቶ ቢጫ ጨርቅ ከጣለ ደግሞ አለቀልኝ። አንድ ቀን ስለ አንዲት ጨርቅ እስከ ዕረፍት ድረስ አስረዱኝ። ሲጨርሱ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይቅርና፣ የእኛ ልጆች ቀይ ይልበሱ ነጭ ጠፋኝ። ባለቤታቸው ሚስ አይዴላ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ "አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እኔም አግብቼው ይኸው እስከ ዛሬ አልገባኝም" አሉኝ።

ሲመረኝ አንድ ቅዳሜ ማዶ ተሻግሬ ከአንድ ዝምተኛ የሒሳብ መምህር አጠገብ ተቀመጥኩ። "ተከላካዮቻችን ደካሞች ናቸው" አለኝ። በቃ። ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታየኝ፤ ሲታየኝ ሆዴ ባባ። ከሚስተር ቨርሎን ጋር ሆነን እኮ አንድ ቀንም ተሸንፈን አናውቅም! እዚህ ግን ዝም ብለን ተሸነፍን።

በሳምንቱ ተመለስኩ። "የት ጠፋሽ?" ሲሉኝ ጉንፋን ነው አልኩ። የጉንፋንን ነገርም አስረዱኝ።

የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ። አንድም ሳናሸንፍ ከጨረስን ኮሌጁ ቡድኑን ሊበትነው ነው ይባላል። ዝናቡ ሜዳውን ጭቃ አድርጎታል። በሁለት ነጥብ እየተመራን ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ተጋጣሚዎቹ ኳሷን መቱ፤ የኛው ልጅ በደረቱ መለሳት፤ ኳሷ ከአንዱ ራስ ቁር ወደ ሌላው ነጠረች፤ ሰው በሰው ላይ ተከመረ፤ ከክምሩ አንድ ጭቃ የለበሰ ፍጡር ብድግ ብሎ ሮጠ። ከየአቅጣጫው ቢጫ ጨርቅ ዘነበ። ዳኞቹ ተሰብስበው ተጨቃጨቁ፤ በኋላ ትልቁ ዳኛ ነጥቡ ለእኛ ይቆጠራል ብሎ ሁለት እጆቹን ወደ ሰማይ አነሳ።

አሸነፍን! ሜዳው ተናወጠ። ቀጥሎ ግን ሁሉም እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር። ለምን? እንዴት? ያ የሮጠው የእኛ ነው? ዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ፣ "ሚስተር ቨርሎን፣ ምን ተፈጠረ?" አለ።

ሚስተር ቨርሎን አፋቸውን ከፈቱ። እንባና ዝናብ በጉንጫቸው ይወርዳል።

"እኔ እንጃ..." አሉ ቀስ ብለው፣ እንደ ጠፋ ሕፃን።

እንዲህ ሆነው ማየት አልቻልኩም። ብድግ አልኩና፣ "ቀላል ነው!" አልኩ፤ አንዲት ነገር ሳትገባኝ። "ኳሷ የራስ ቁር ከነካች የነጠቀ ነው የሚወስዳት፤ ያውም በዝናብ ከሆነ..."

ሰዉ በአዎንታ ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ሚስተር ቨርሎን እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉና ወደ ሚስታቸው ዘወር ብለው፣

"ስሚ እንግዲህ" አሉ፣ "ይቺ ልጅ ገብቷታል።"