የጋሼ ሲያ ሁለት ቴሌስኮፖች

ቴሌስኮፕ ያለው ሰው ሁሉ ሰማይ ያያል የሚል ካለ ተሳስቷል። አንድ ቴሌስኮፕ ያለው ያያል። ሁለት ውድ ቴሌስኮፕ ያለው ያወዳድራል፤ ለማወዳደርም እኔን ይጠራል።

የሕንፃችን ሊቀ ሊቃውንት ዘሌንስ፣ ክቡር ጋሼ ሲያ፣ ከዚህ ዘር ናቸው። አንዱ ቴሌስኮፓቸው የጃፓን፣ ሌላው የጀርመን ሥራ ነው። በሲንጋፖር ወበቅ ሌንሱ ሻጋታ እንዳያወጣ እያንዳንዳቸው እርጥበት የሚመጥ ቁም ሳጥን አላቸው። ጋሼ ሲያ ራሳቸው የሚተኙት በአሮጌ ቬንትሌተር ነው።

ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ፣ ሳተርን በታየች ቁጥር የመኪና ማቆሚያው ፎቅ ጣሪያ ላይ ተጠርቻለሁ። ቦታው እንዳይያዝባቸው ከቀትር ጀምሮ ሲሚንቶው ላይ የሶፍት ፓኬት ያስቀምጣሉ። ማን ሊይዝባቸው እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

«የቱ ይበልጣል?»

«እኩል ናቸው ጋሼ።»

«በደንብ አላየህም። በቀለበቱ መሃል ያለው ክፍተት የጀርመኑ ላይ አይጠቁርም?»

«ይጠቁራል።»

«የጃፓኑስ ላይ?»

«እሱም ይጠቁራል።»

«አየሩ ገና አልተረጋጋም» ይሉና ማስታወሻቸው ላይ ይጽፋሉ። አንዴ ልገላገል ብዬ «የጃፓኑ» አልኩ፤ ለምን እንደሆነ አርባ ደቂቃ መረመሩኝ። በመጨረሻ ቡና ጠጥቼ መምጣቴን ሲሰሙ፣ ቡና የጠጣ ዓይን አይታመንም ብለው ምስክርነቴን ሰረዙት። 

ባለፈው ወር ባለቤታቸው እትዬ ሊ ፌን ቁርጡን ነገሯቸው። «እናቴ ሰኞ ትገባለች፤ አልጋዋ ቦታ ይፈልጋል። አንዱ ሳጥን ከነቴሌስኮፑ ይውጣ። አንተ ካልመረጥክ እኔ እመርጣለሁ፤ ነጩ ቴሌስኮፕ ከመጋረጃው ቀለም ጋር ስለሚስማማ እሱ ይቀራል።»

ስለዚህ እሁድ ምሽት የመጨረሻው ዕድል ነበር። ሳተርን ግን አየሩ ስላልረጋ እንደ ልማዷ ሌንሱ ውስጥ ትንቀጠቀጣለች። በዚህ መሃል የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን እማማ ሮኪያ የጠፋች ድመታቸውን ፍለጋ ጣሪያው ላይ ብቅ አሉ። ጋሼ ሲያ ጎረቤት ዕቃቸውን ሲነካ አይወዱም፤ ያን ምሽት ግን አዲስ ምስክር ቸግሯቸዋል። በርጩማ ስበው ከጀርመኑ ፊት አስቀመጧቸው።

«እማማ፣ ክፍተቱ ምን ያህል እንደሚጠቁር ብቻ ይንገሩኝ።»

እኔ በጃፓኑ አየሁ። ልክ ያኔ አየሩ ቀጥ አለ። ክፍተቱ በእርሳስ የተሰመረ ይመስላል። እንዲህ ያለ አየር በሁለት ዓመት ተኩል አንድ ቀን አልገጠመንም።

«ጋሼ፣ ቶሎ ይምጡ» አልኩ።

በጃፓኑ አዩና ማስታወሻቸውን አወጡ። ከዚያ ወደ ጀርመኑ ዞሩ። እማማ ሮኪያ ንቅንቅ አላሉም።

«ይሄ ሥዕል ነው እንዴ?» አሉ እማማ።

«እውነተኛዋ ናት» አሉ ጋሼ ሲያ።

«ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚሁ ከላዬ ነበረች?»

«ነበረች እማማ።»

ዓይናቸውን ሳያነሱ ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ጋሼ ሲያን በክርኔ ጎሰም አደረግኳቸው። «ተነሱ ይበሏቸው እንጂ! አየሩ ሊያመልጥዎት ነው!»

«ተዋቸው» አሉኝ። በርጩማው ይወላገድ ነበርና ተንበርክከው እግሩን ያዙላቸው። አየሩ አሥራ አንድ ደቂቃ ጸንቶ ቆየ፤ ከዚያ ደመና መጣ። ማስታወሻው ላይ አንድ ቃል አልሰፈረም። ያን ሁሉ ጊዜ ያቃጠሉኝን ሰውዬ ያን ምሽት ወደድኳቸው።

ዕቃውን ተሸክመን ስንወርድ፣ «እንግዲህ የቱን ሊሸጡ ነው?» አልኳቸው።

«የጃፓኑን» አሉ ወዲያው። «የጀርመኑን እማማ ለምደውታል።»