ገብስ አንድ ሰው አያውቅም

ማሜ፦ ሰላምታ የለም አልኩህ! የለም ማለት የለም ነው!

ጃርሶ፦ ሰውየውን «አካም ጅርቱ» ሳልለው «ገብስ ጫን» ልበለው? ጤነኛ ነህ?

ማሜ፦ ራዲዮ ነው እኮ! ገበያ መሀል የተገናኛችሁ መሰለህ?

ጃርሶ፦ እኛ አገር ገሰራ ሌባ እንኳ ሰላም ብሎ ነው የሚሰርቀው።

[ዘመኑ የአብዮት፣ አገሩ ሮቤ፣ ቤቱ የአንድ እህል ማኅበር መጋዘን ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ስልኩ ጠብታ ባየ ቁጥር ስለሚሞት፣ ማኅበሩ ከጊኒር መጋዘኑ ጋር የሚያነጋግር ራዲዮ አስመጥቷል፤ ፈቃዱ ግን ገና ነው። ተቆጣጣሪው ዛሬ ጊኒር ቁጭ ብሎ በዚሁ ራዲዮ ይፈትናቸዋል። እስከ ትናንት ጆንያ ሲሸከም የኖረው ማሜ ከረባት አስሯል፤ ከየት እንዳመጣው አላህ ይወቅ። ዘበኛው ጃርሶ ጋቢውን ተከናንቦ ራዲዮውን እንደ እንግዳ ፍየል በጥርጣሬ ያየዋል።]

ማሜ፦ ስማኝ ወንድሜ። ፈቃዱ ከተሰጠ ሊቀመንበሩ ቋሚ ኦፕሬተር ያደርገኛል። ቋሚ ከሆንኩ የጊኒሩ ሀጂ ቀመር ልጃቸውን ጁሀራን ይድሩልኛል። «ጆንያ ለሚሸከም ልጅ የለኝም» ብለው ሽማግሌዎቼን ሲመልሱ አንተም ሰምተሃል። ፈቃዱ ከተከለከለ ግን... ወለሂ፣ እሞታለሁ!

ጃርሶ፦ አትሞትም። ጆንያው አለልህ።

ማሜ፦ አፍህን ያዝና ሕጉን ተማር! አንደኛ፣ ስም አይጠራም። እኛ «ገብስ አንድ» ነን፤ ጊኒር ያሉት «ገብስ ሁለት»። ተናግረህ ስትጨርስ «ኦቨር» ትላለህ፤ ተራው ያንተ ነው ማለት ነው። የግል ወሬ ክልክል! ፈቃዱ ለእህልና ለመኪና ብቻ ነው።

ጃርሶ፦ ሾፌሩ ቱሉ እግሩ ቢሰበርስ?

ማሜ፦ «መኪናው ሾፌር አጥቷል» ትላለህ።

ጃርሶ፦ ሚስቱ ብትወልድስ? «ጭነት በሰላም ደርሷል» እንበል?

ማሜ፦ [ዘሎ አፉን ያፍነዋል።] ዝም በል! ያማ የምስጢር ቃል ነው! በምስጢር ቃል ያወራ ፀረ አብዮት ተብሎ ይገባል!

ጃርሶ፦ የት ነው የሚገባው?

ማሜ፦ ስትገባ ታየዋለህ!

ጃርሶ፦ አንተ ግን ይኼን ሁሉ የት ተማርከው?

ማሜ፦ ጎባ ሄጄ ነዋ!

ጃርሶ፦ ጎባ የሄድከው ጥርስህን ልትነቀል አልነበር?

ማሜ፦ ወረፋ ስጠብቅ አንድ የራዲዮ ወታደር አጫወተኝ። ጉንጩ አብጦ ስለነበር ግማሹ አልተሰማኝም፤ ግማሹ ግን ይበቃኛል። ዋናውን ምስጢር ልንገርህ፦ ተቆጣጣሪዎች ተንኮለኞች ናቸው። ዘመድ መስለው ይመጡና «እናትህ እንዴት ናት?» ይሉሃል። «ደህና ናት» ካልክ አለቀልህ!

ጃርሶ፦ «አሟታል» ብልስ?

[ራዲዮው ይንኮሻኮሻል። ማሜ ከረባቱን ያጠብቃል፤ ከመጠን በላይ ስላጠበቀው ያስለዋል።]

የራዲዮ ድምፅ፦ [እያሳለ] አሰላሙ አለይኩም! ማሜ ልጄ፣ ደህና ነህ? ኦቨር በሉ ብለውኛል፤ ኦቨር።

ጃርሶ፦ ሀጂ ቀመር! አማትህ ናቸው!

ማሜ፦ አይ የኔ ሞኝ! ሀጂ ራዲዮ ሊነኩ? ተቆጣጣሪው ነው! አስመስሎ ሊያጠምደኝ ነው!

ጃርሶ፦ ያቺን ሳላቸውንስ ከየት አመጣት?

ማሜ፦ ሰልጥኖባት! [ቁልፉን ተጭኖ፣ ድምፁን አወፍሮ] ገብስ አንድ ነኝ። መጠሪያዎን ይናገሩ። ኦቨር።

የራዲዮ ድምፅ፦ መጠሪያዬንማ ታውቀው የለም? ቀመር ነኝ፣ የጁሀራ አባት። ኦቨር።

ማሜ፦ ገብስ አንድ ቀመር የሚባል ሰው አያውቅም። ኦቨር።

የራዲዮ ድምፅ፦ ያ ረቢ! ታዲያ ሽማግሌ የላክኸው ማን ቤት ነው? ኦቨር።

ማሜ፦ ሽማግሌ የግል ጉዳይ ነው። እህል ካለዎት ይናገሩ፤ ከሌለዎት መስመሩን ይልቀቁ። ኦቨር።

ጃርሶ፦ [ጋቢውን ነክሶ] ኧረ ተው! ለሽማግሌ እንዲህ ይባላል?

የራዲዮ ድምፅ፦ [ረጋ ብሎ] ልጄ፣ ሥራ መያዝህን ሰምቼ ልቤ ራርቶልህ ነበር። እንግዲህ በአንድ ቃል መልስልኝ። ልጄን ትፈልጋታለህ ወይስ አትፈልጋትም? ኦቨር።

[የማሜ ልብ ስንጥቅ አለች። ጁሀራን ከልቡ ይወዳታል፤ ጊኒር ገበያ ላይ አንድ ጊዜ ስቃለት ሙሉ ጆንያ ተሸክሞ ሲሮጥ የታየው ለሷ ነው።]

ጃርሶ፦ «እፈልጋለሁ» በል እንጂ! አፍህን ምን ያዘው?

ማሜ፦ እሱን ካልኩ ፈቃዱ ሄደ! ፈቃዱ ከሄደ ሥራው ሄደ! ሥራው ከሄደ እሷ ሄደች! የምክዳት ላገባት ብዬ ነው፣ አይገባህም? [ቁልፉን ይጫናል።] ጁሀራ የምትባል ጭነት የለችንም። አንፈልግም። ኦቨር!

[ማሜ ፈተናውን ያለፈ መስሎት መነጋገሪያውን ወርውሮ በደስታ እየጨፈረ ጆንያዎቹን ይዞራል። ጃርሶ አላስችል ብሎት መነጋገሪያውን ያነሣል።]

ጃርሶ፦ አባቴ፣ አካም ጅርቱ! ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰቡስ? ከብቱ? ጊኒር ዘነበ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? ይቅርታ ያድርጉልን፣ ልጁን ዛሬ ምን እንደነካው እንጃ!

ማሜ፦ ገደልከኝ! አምጣ ወዲህ!

የራዲዮ ድምፅ፦ አልሐምዱሊላህ! እዚያ ቤት ሰው አለ ለካ! ደህና ነን ልጄ። የማን ልጅ ነህ?

ጃርሶ፦ የባዳሳ ልጅ፣ ጃርሶ እባላለሁ። ከገሰራ።

የራዲዮ ድምፅ፦ አግብተሃል?

ጃርሶ፦ ኧረ ማን ሰጥቶኝ!

የራዲዮ ድምፅ፦ ነገ ወደኔ ብቅ በል። ፊትህን ልየው።

[ራዲዮው ይንጫጫል። ሌላ ድምፅ ይመጣል።]

ሁለተኛው ድምፅ፦ ገብስ አንድ፣ ተቆጣጣሪው ተክለማርያም ነኝ። ሙከራው አልቋል። እህል ሊያስረክቡ መጥተው ያገኘኋቸውን ሀጂ ቀመርን «የመጣልዎትን ይናገሩ፣ ድምፅ ልሞክር» ብዬ መነጋገሪያውን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ድምፃችሁ ጥርት ያለ ነው፤ አንዲት ቃል አልጠፋችም። ፈቃዱን ሰጥቻችኋለሁ። ኦቨር።

ማሜ፦ [ከረባቱ ወደ ጀርባው ዞሮ] እ... እውነተኛው ሀጂ ነበሩ? ኦቨር?

ሁለተኛው ድምፅ፦ ሐሰተኛ ሀጂ ደግሞ ከየት ይመጣል? ኦቨር።

ማሜ፦ [መነጋገሪያውን በሁለት እጁ አንቆ] ሀጂ! አባቴ! እግርዎ ላይ ወድቄያለሁ! እፈልጋታለሁ! ከነፍሴ እፈልጋታለሁ! ጁሀ...

ሁለተኛው ድምፅ፦ ገብስ አንድ! ፈቃዱ ከአሁን ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። የግል ጉዳይ ክልክል ነው! ኦቨር!

[ራዲዮው ይዘጋል። ማሜ ጆንያ ላይ ዘፍ ይላል፤ ሥራ አግኝቶ እንዲህ ያለቀሰ ሰው ሮቤ አይታ አታውቅም። ጃርሶ ጫማውን በጋቢው ጫፍ እየወለወለ ነው።]

ማሜ፦ ጃርሶ... ወንድሜ... ጊኒር ልትሄድ ነው?

ጃርሶ፦ ሽማግሌ ጠርቶ ይቀራል እንዴ?

ማሜ፦ እንደምወዳት ትነግርልኛለህ አይደል?

ጃርሶ፦ [በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ ከልቡ አዝኖ] እኔማ ደስ ይለኝ ነበር፣ ማሜ። ግን በግል ጉዳይ ያለ ፈቃድ እንዴት ልናገር?