እርጅና ያልነካቸው ልብስ ሰፊ

በየቤተሰቡ የማያረጅ አንድ ሰው አይጠፋም። የሚያረጀው በዙሪያው ያለው ነገር ነው እንጂ እሱን ንክች አያደርገውም። በእኛ ቤተሰብ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር አባቴ ናቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ደረጃው የሚያደክማቸው ግንበኛው ቀሽም ስለነበር ነው። ጋዜጣው ፊደሉን ያደቀቀው ወረቀት ሊቆጥብ ነው። ልደግፋቸው ጠጋ ያልኩ እንደሆነ ደግሞ መልሱ አንድ ነው፦ «ማን ለመነህ?»

ክቡርነታቸው አርባ ስድስት ዓመት ልብስ ሰፍተዋል። አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ እኔ ከሥራ መልስ ብቅ እላለሁ። አንድ ሸሚዝ ለመቆለፍ ከቁርስ እስከ ረፋድ ይፈጅባቸዋል፤ ያም ሆኖ አንዱ ቁልፍ ከጎረቤቱ ቀዳዳ ገብቶ ይገኛል። «የዘንድሮ ሰፊ ቀዳዳ መክፈት አያውቅም!» ይላሉ። ሸሚዙን የሰፉት ራሳቸው መሆናቸውን ያስታወስኳቸው ጊዜ ሁለት ቀን ዘጉኝ።

ነገሩን ያከረረችው እህቴ ናት። ነርስ ነች፤ ቀልድ አታውቅም። «እሑድ እመጣለሁ፣ አባባ። ብቻዎን ለብሰው ካልጠበቁኝ እኔ ጋ ይገባሉ፤ አለቀ» አለቻቸው። አባቴ የገዛ ቤታቸውን ግድግዳ ዞር ዞር ብለው ሲያዩ አንጀቴን በሉት።

ያን ሳምንት የስፌት ተማሪ ሆንኩ። ዘዴው የእሳቸው ነው፦ ቀዳዳዎቹን ደፍኖ ቁልፎቹን ለጌጥ ከላይ መትከል፣ ከሥር ደግሞ የልጆች ጫማ ላይ እንዳለው ሲጫኑት የሚጣበቅ ማያያዣ መስፋት። መነጽራቸውን ሰክተው አጠገቤ ይቀመጣሉ።

«ፍታው።»

«አባባ፣ ከሥር እኮ ነው፤ ማን ያየዋል?»

«ይሄ ስፌት ነው ወይስ የጆንያ አፍ? ፍታው አልኩህ!»

አንዱን ሸሚዝ አራት ጊዜ ፈታሁት።

እሑድ እህቴ ሳሎን ቁጭ ብላ ሰዓቷን ያዘች። አባታችን በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሽክ ብለው ወጡ። ደረታቸውን ነፍተዋል። እሷ ግን ኮሌታቸውን ላስተካክል ብላ ሳብ ስታደርገው ሸሚዙ ጭርርር ብሎ እስከ ሆዳቸው ተላቀቀ። የልብስ ሰፊ ልጅ ናትና ገልብጣ ስፌቱን አየችው።

«ይሄ የእርስዎ እጅ አይደለም።»

«የዚህ የተማሪዬ ነው» አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እጄ እንቢ አለኝ፣ ልጄ። መቆለፍ አቃተኝ። ከቤቴ ግን አታውጪኝ።»

በዕድሜዬ አቃተኝ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። እህቴ ማያያዣውን አንድ በአንድ እየተጫነች መልሳ ገጠመችላቸው፤ ማን ለመነሽ አላሏትም።

«ስንት ሸሚዝ ቀረ?» አለች ዓይኗን እየጠረገች።

«ዘጠኝ።»

ጃኬቷን አውልቃ መርፌ ጠየቀች።

ዘጠኙ ካለቁ ሁለት ወር ሆናቸው። ክቡርነታቸው አሁን ወደ ሱሪ አሸጋግረውናል፤ እሑድ እሑድ ግራና ቀኝ አስቀምጠው ያዝዙናል። እውነቱን ላውጣ፦ ስፌቴ ከተቃና ቆይቷል። ሆን ብዬ ነው የማጣምመው፤ ተቆጥተው እጄን በእጃቸው ይዘው ሲያሳዩኝ እወደዋለሁ። ባለፈው እሑድ እህቴን ሰረቅ አድርጌ አየኋት። እሷም እያጣመመች ነው።