የአሥራ አንድ ሰከንዱ ተወዳዳሪ

ሰው በሃምሳ ዓመቱ አዲስ ነገር ሲጀምር የሚያደንቁት ምንም ያልጀመሩት ብቻ ናቸው። የጀመርነውማ ስንተያይ አንገታችንን እንደፋለን። እኔ ዋና ጀምሬ ጆሮዬ ውሃ ቢገባበት ተውኩት፤ ጊታር ብጀምር ደግሞ የቢከን ሂል ጎረቤቶቼ እንድተው ለመኑኝ። ታዲያ ሲያትል ውስጥ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ የሚነዳ ሰው፣ ወንበሩ ላይ ከመፋፋት ሌላ ምን ተስፋ አለው? ባለቤቴ ሰብለ «ምናለ አንድ ነገር እንኳ ጀምረህ ብትጨርስ?» ትለኛለች። የሚያቃጥለኝ እውነቷን መሆኑ ነው።

በዚህ መሀል ዳዊት መጣ። ዳዊት የእድራችን አባል፣ ማዶ ቤልቪው ከተማ የሚሠራ ኢንጂነር ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሽጉጥ ይወዳደራል። ስፖርቱ አንድ ቦታ ተገትሮ ማነጣጠር እንዳይመስላችሁ። ሽጉጡን ከወገብ መዝዞ፣ እየሮጡ፣ ከግድግዳ ጀርባ ብቅ እያሉ የካርቶን ኢላማ መምታት ነው። ሰከንዱም ይቆጠራል፣ ስህተቱም ይቆጠራል። «ጋሼ፣ ትራይ ያድርጉት እንጂ፣ ይወዱታል!» አለኝ።

ሞከርኩ። የደህንነት ትምህርቱን ወሰድኩ። ሁለት ወር ሙሉ ምድር ቤት ወርጄ፣ ባዶ ሽጉጥ ከወገቤ እየመዘዝኩ ግድግዳ ላይ አነጣጠርኩ። ሰብለ ከደረጃው ላይ ሆና «እስካሁን እጁን አልሰጠም?» ትለኛለች። እኔ ግን ቆርጬ ነበር። ይህችን አንዷን ብጨርስ፣ ሌላው ሁሉ የሚሰረይልኝ መስሎኝ ነበር።

የውድድሩ ቀን ዝናቡ ያው የእኛው ዝናብ ነው፤ አይዘንብም፣ አያባራምም። ከእኔ በፊት የነበረችው ተወዳዳሪ ሰባ ዓመት የሚሆናት ሴትዮ ነች። የልጅ ልጆቿን ፎቶ ስታሳየኝ ቆይታ ተራዋ ደረሰ። ገባች፣ እንደ መብረቅ ተኮሰች፣ ወጣች፤ ከዚያ ያላየሁት አንድ ፎቶ እንደቀረ ነገረችኝ። ወገቤ ያን ጊዜ ነው የተቆረጠው።

ተራዬ ደረሰ። ዳኛው ከኋላዬ ቆሞ «ዝግጁ ነህ?» አለኝ። በዚህ ስፖርት ዝም ማለት «አዎ» ማለት እንደሆነ ተምሬያለሁ። ግን በስንት ጨዋነት ያደገ ሰው ተጠይቆ ዝም ይላል? «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት፣ ያውም በአማርኛ። ሰዓቱ ጮኸ። ሽጉጡን መዘዝኩ። የመጀመሪያውን ኢላማ መታሁት፤ ሁለተኛውን ሳትኩት። ሦስተኛው ነጭ ካርቶን ነው፤ እሱ እንደ ንጹህ ሰው ስለሚቆጠር አይተኮስበትም። እሱን ግን እንዴት አድርጌ መታሁት መሰላችሁ! ልክ መሀሉን።

ከዚያ ወደ ግራ እየሮጥኩ ጥይት ልቀይር ስል፣ አፈሙዙ ከኢላማዎቹ ዞሮ ወደ ጎን፣ ከዚያም ትንሽ ወደ ኋላ ሄደ። «ቁም!» አለ ዳኛው። ቆምኩ። ማንም አልተጎዳም፤ ደንቡ ግን ደንብ ነው፣ ከውድድር ውጪ ሆንኩ። አሥራ አንድ ሰከንድ። ሁለት ወር ምድር ቤት የኖርኩት ለዚህ ነው።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሁሉም ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ አጽናኑኝ። ዳዊት «ጋሼ፣ ኦኬ ነው፣ ሁሉም ሰው ላይ ይደርሳል» አለኝ። «አንተስ ደርሶብህ ያውቃል?» አልኩት። ወደ ዛፎቹ እያየ «እኔ ላይ… ገና ነው» አለ። የቀረውን ቀን የሌላውን ሰው ጥይት ቀዳዳ በማጣበቂያ ወረቀት ስደፍን ዋልኩ። የሴትዮዋማ በየዙሩ ሁለት ሁለቱ ቀዳዳ በአንድ ወረቀት ይደፈን ነበር።

ቤት ስገባ ሰብለ ፊቴን አየች፤ ምግቤን አሙቃ ሰጠችኝ። አንዲት ቃል አልቀለደችም። ከውድድሩ ይልቅ ልቤን የሰበረው ይሄ ነው። የሚቀለድበት ሰው እኮ ገና ተስፋ የሚጣልበት ሰው ነው።

በማግስቱ የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ መኮንን ኮል አደረጉ። ዳዊት ውጤቱ የወጣበትን ድረ ገጽ ልኮላቸዋል ለካ። ከስሜ ጎን በእንግሊዝኛ ሁለት ፊደላት ተጽፈዋል፦ ዲ እና ኪው። የተባረረ ማለት ነው።

«የኛ ልጅ!» አሉኝ በደስታ። «ያን ሁሉ ስም አንድ በአንድ አየሁት። ሌላው ሁሉ ቁጥር ብቻ ነው፤ ማዕረግ የተሰጠው ላንተ ብቻ!»

ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ምርቃት ጀምረዋል፤ ሽማግሌ ሲመርቅ ደግሞ አይቋረጥም።

«ማዕረጉን ያጽናልህ!» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ።