ጅቡ ጻድቅ የሆነበት መጽሐፍ

ጉድ ሆኛለሁ ጎበዝ! ነገ በየስልካችሁ ጋዜጣ ዘቅዝቆ የሚያነብ ሽማግሌ ካያችሁ፣ እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ንፋስ መውጫ፣ ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዤ ተቀምጫለሁ። ወንበሩ ላይ የተረሳ ጋዜጣ አገኘሁና ማንበብ ጀመርኩ። ቀና ስል አንድ ወጣት ከፊቴ ስልኩን ደግኖብኛል። ሕፃን ልጁ እጁን ትጎትተዋለች፤ እሱ እኔን ይቀርጻል።

«ፋዘር፣ ማንበብ ይችላሉ?» አለኝ ጥርሱን እየገለጠ።

ለካ ጋዜጣው በእጄ ላይ ተገልብጧል!

ሰዉ ሁሉ ሣቀ። መርፌ ሊወጋ የመጣው በሽተኛ እንኳ ሣቀ። ስለዚህ ቪዲዮው ሳይቀድመኝ እኔው ልናገረው። ላይክ አልፈልግም። መሣቅ ከፈለጋችሁ ሣቁ፤ በእኔ መሣቅ በጃንሆይ ዘመን የተጀመረ ነገር ነው፣ አዲስ አይደላችሁም።

ያኔ ላይ ጋይንት ገጠር ውስጥ ገብስ የማርስ ጎልማሳ ነበርኩ። ፊደል የሚባል አላውቅም። ፈርም ስባል አውራ ጣቴን ነው የማቀርበው።

ሚስት ነበረችኝ፣ ጥሩ። ስሟን ነው፤ ጠባይዋን አላልኩም። የአራት ዓመት ልጅም ነበረችን፣ የሺ።

እግዜር ይይለትና አንድ ወጣት አስተማሪ ከደብረ ታቦር መጥቶ እኛ መንደር የማታ ትምህርት ከፈተ። ቀን ስናርስ ውለን ማታ ሀ ሁ ማለት ሆነ። ጎረቤቴ መንገድ ላይ ጠብቆ «ምነው፣ ጢም ካወጣህ በኋላ ልትቀስስ ነው?» አለኝ።

«የለም፣ ያንተን ኑዛዜ የሚጽፍ ሰው ቢጠፋ ብዬ ነው» አልኩት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም።

እውነቱን ከፈለጋችሁ፣ ፊደል ናፍቆኝ አይደለም። ንፋስ መውጫ አንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ሊቀጥር መሆኑን ሰምቼ ነው። የደብዳቤ አድራሻ አንብቦ የሚለይ ሰው ይፈልጋሉ አሉ። ደመወዝ አለው። ካኪ ኮት አለው። ዋናው ነገር ግን ከተማ ያስገባል፤ ከተማ ደግሞ ሴት ልጅ የሚቀበል ትምህርት ቤት አለ።

የሺ እንደ እኔ በአውራ ጣቷ እንድትፈርም አልፈለግኩም። ነገሩ ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

አንድ ቀን አስተማሪው ቀጭን የሥዕል መጽሐፍ አዋሰኝ። «ለልጅህ አንብብላት፤ አንተም እግረ መንገድህን ትለማመዳለህ» አለኝ። በየገጹ አንድ ሥዕል፣ ከሥሩ ሁለት መስመር ጽሑፍ። ላም፣ ዶሮ፣ ገበሬ፣ መርፌ የያዘ ሐኪም፣ መጨረሻው ላይ ጅብ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደጃፍ ላይ ተቀመጥን። የሺን በጎኔ አስጠጋኋት። ጥሬ እንደምትለቅም ዶሮ ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀምኩት።

«ላ... ሚ... ቱ... ወተት... ትሰጣለች።»

አነበብኩ እኮ! እኔ! በራሴ ኮርቼ የልጄን ፊት ባይ፣ የሺ ወደ ኋላ እያፈገፈገች ነው።

«አባዬ፣ ይቺ ሰይጣን ናት።»

«ማን? ላሚቱ?»

«አንድ ዓይን ናት እኮ!»

ለማታውቁ ላስረዳ። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ጻድቃንና ቅዱሳን የሚሣሉት ፊት ለፊት ነው፤ ሁለቱም ዓይናቸው ይታያል። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ጌታን የገረፉት ደግሞ በጎን ይሣላሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ። ጥሩ በየሰንበቱ በጣቷ እያሳየች «አንድ ዓይኑን እንዳትስሚ፣ ክፉ ነው» ትላታለች። ልጅ ደግሞ የነገሯትን ትይዛለች። ቃሉን እንደሚረሳ ሹም አይደለችም።

መጽሐፉን ማን እንደሣለው እንጃ፣ ሁሉም በጎን ነበሩ! ገበሬው ሰይጣን። ዶሮዋ ሰይጣን። ሐኪሙ ከነመርፌው ሰይጣን፤ በእሱስ እኔም አልተከራከርኳትም።

መጨረሻው ገጽ ላይ ጅቡ መጣ። ፊት ለፊት ዞሮ፣ ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ፣ ጥርሱን አግጥጦ።

የሺ ጎንበስ ብላ ጅቡን ሳመችው።

ጥሩ ከውስጥ ሆና በሣቅ ልትሞት! «ይኸው ትምህርትህ! ጅብ አሳለምካት!»

እኔም እልኸኛ ነኝ። ላስረዳት ብዬ ከመቀነቴ ስሙኒ ፈታሁ። «እይ፣ ደግ ሰውም በጎን ሊሣል ይችላል...» አልኩ። ስሙኒው ላይ የማን ፊት እንደነበረ የዘመኑ ሰው ያውቃል፤ በጎን ነው። የሺ አየችው። አፏን ከፈተች።

ጥሩ ከምድጃው ዘልላ መጥታ አፏን በመዳፏ ከደነችው!

«አንተ ሰውዬ፣ ልታሳስረን ነው?»

የዚያን ቀን ትምህርት እዚያው ላይ ተዘጋ።

በሳምንቱ ባሰ። እንደገና በጎኔ አስቀምጬ ማንበብ ስጀምር የሺ መጽሐፉን ትታ እኔን ታየኛለች። ከጎን ሆና።

«አባዬ፣ አንተም አንድ ዓይን ነህ።»

ብላኝ ተነሥታ ሄደች! የገዛ ልጄ! ለእሷ ብዬ ነው እኮ በጉልምስናዬ ሀ ሁ የምለው!

ምን ላድርግ? ሄጄ ፊት ለፊቷ ቁጭ አልኩ። ሁለቱን ዓይኔን ቆጠረች፤ ከጻድቃን ተደመርኩ። መጽሐፉን ግን ወደ እሷ ማዞር ነበረብኝ፤ ሥዕሉ ካልቀናላት ታለቅሳለች። ፊደሉ ለእኔ ተዘቀዘቀ።

ክረምት ሲገባ አስተማሪው ወደ አገሩ ተመለሰ፤ የማታ ትምህርቱ ቆመ። ሲሄድ የቀሩትን የሥዕል መጽሐፎች ለእኛ ጥሎልን ሄደ። እኔና የሺ ሰንበት በመጣ ቁጥር ፊት ለፊት ነን። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ እሷ ቀጥ ያለውን ታያለች፣ እኔ የተዘቀዘቀውን አነባለሁ። «አባዬ ድገመው» ትላለች፤ እደግመዋለሁ። ጅቡ ላይ ስንደርስ ትሳለመዋለች፤ እጠብቃታለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ እኔም አንባቢ ሆኜ ወጣሁ። ግን ቀጥ ብሎ የተጻፈ ከሰጣችሁኝ ቀንበር እንዳልለመደ ወይፈን እንገዳገዳለሁ። ገልብጡልኝ፤ ውዳሴ ማርያም እንደሚደግም ዲያቆን አወርደዋለሁ።

ይኼ ነውር መሆኑን የነገረኝ አለ? ማንም!

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ ለሥራው ልፈተን ንፋስ መውጫ ሄድኩ። ጥሩ የሺን ጠጉሯን ቅቤ ቀብታ አስከተለችኝ። «ከተማዋን ትያት፣ ነገ የምትኖርበት ነው» አለች። ተስፋ እንዲህ ነው፤ ቅቤ ያስፈጃል።

መሥሪያ ቤቱን አልጠራውም። የሹሙ የልጅ ልጆች እዚህ ፌስቡክ ላይ አሉ፤ ኮሜንት ላይ ያዋርዱኛል።

ሹሙ ግራዝማች ነበሩ። መስኮቱ ጋ ወደ ውጭ ዞረው ተቀምጠዋል። ለባላገር ፊት አይሰጡም፤ ጉንጫቸውን ነው የሚሰጡት። በአንድ ወገን ለራሳቸው ጉዳይ የመጡ መሪጌታ ተቀምጠዋል። በሩ ጋ ደግሞ ለዚያው ሥራ ሊፈተን የመጣ የግራዝማች ሚስት ዘመድ ቆሟል፤ አዲስ ጫማ አድርጓል። ጫማውን ሳይ ነበር መመለስ የነበረብኝ።

«ማንበብ ትችላለህ?» አሉ ግራዝማች፣ መስኮቱን።

«አዎን ጌታዬ።»

ሳይዞሩ አንድ ወረቀት ወደ ኋላ ዘረጉልኝ። ቀጥ አድርጌ ያዝኩት፤ ፊደሉ ሁሉ ባዳ ሆነብኝ። «ለ... ለተ...» አልኩ። ባለ ጫማው ፍክክ አለ።

ያኔ እጄ ሳያማክረኝ ወረቀቱን ገለበጠው።

ቤቱ በሣቅ ፈረሰ!

«ኧረ ገልብጦ ያዘው! ኧረ እናንተ ሰዎች!» አለ ባለ ጫማው። የበሩ ዘበኛ ጠመንጃውን ተደግፎ እንባውን ጠረገ።

እኔ ግን ጀመርኩ። «ጉዳዩ፦ ወደ ወፍጮ ቤት የሚወስደውን መንገድ ስለማስጠገን...» ብዬ አንድም ሳልደናቀፍ ወረድኩት። ወጣሁት ልበል እንጂ፤ ለእኔ ራስጌው ከታች ነው። ፊርማው ላይ ደርሼ ቆምኩ።

ዘበኛው ሣቁን ትቶ ቀጥ ብሎ ቆመ።

በቃ፣ ካኪ ኮቱን ለበስኩ አልኩ በልቤ። ሞኝ!

መሪጌታ አማተቡ። «በስመ አብ! ገልብጦ የሚያነብ ሰው ከማን ይማራል? ይኼ ድግምት ነው እንጂ ትምህርት አይደለም!»

ከመሃይምነት ወደ ደጋሚነት፣ በአንድ ትንፋሽ! ሹመት ማለት ይኼ ነው።

«ኧረ የለም መሪጌታ! ለልጄ ሳነብላት ፊት ለፊት ስለምንቀመጥ ነው። አንድ ዓይን እንዳልሆንባት ብዬ...» አልኩ። ስናገረው ለራሴም ድግምት መሰለኝ።

ግራዝማች አሁንም ወደ ውጭ እያዩ «እስቲ ልጅቷ ትናገር። አንቺ፣ እውነቱን ነው?» አሉ።

ሁላችን ወደ የሺ ዞርን። ጋቢዬን ጨብጣ ግራዝማችን ትክ ብላ ታያቸዋለች። አንድ ጉንጭ። ግማሽ ጢም። አንድ ዓይን።

«አባዬ፣ እንሂድ» አለች ጥርት አድርጋ። «ይኼ ሰውዬ አንድ ዓይን ነው።»

በዚያ ቤት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሳይሳለም ያደገ ሰው የለም። ሁሉም ገባው። መሪጌታን ሳል ያዛቸው።

ግራዝማች በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሩ። ሁለቱም ዓይናቸው ታየን።

ጻድቅ አልመሰሉኝም።

ሥራው ለባለ ጫማው ሆነ። ዘበኛው ሲያስወጣን ከበሩ ዞር ብዬ ተመለከትኩ፤ ባለ ጫማው ወረቀቱን ቀጥ አድርጎ ያዘ፣ «አየሁት ጌታዬ» አለ፣ አለፈ! ቁም ነገሩ ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው፤ ማንበብ ትርፍ ነው። ይኼ ሕግ የተሻረ እንዳይመስላችሁ።

ስንመለስ የሺን ትከሻዬ ላይ አወጣኋት። ኮቱም ቀረ፣ ከተማውም ቀረ፣ ትምህርት ቤቱም ቀረ። ልቆጣት አስቤ ነበር፣ አልዋሻችሁም። ግን ምን ብዬ? ዋሸሽ ልበላት? ያ ሰውዬ ፊቱን ከልክሎን እንደዋለ እኔም አይቻለሁ።

አናቴን በሁለት እጇ አቅፋ ቁልቁል ተመለከተችኝ።

«አባዬ፣ ከዚህ ሲያዩህ ምንም ዓይን የለህም።»

ሣቅኩ። ቅስሜ ተሰብሮ ሣቅኩ!

በዓመቱ አንዱን በሬዬን ሸጬ ከተማ ገባሁ። ተላላኪ ሳይሆን የገበያ ተሸካሚ። በዚህ ጀርባ ስንት ጆንያ ገብስ አልፏል! የሺን ትምህርት ቤት ላስመዘግባት የሄድን ለት መዝጋቢው በጎን ተቀምጦ አገኘነው። ወንድሞቼ፣ አንድ ጊዜ የተቃጠለ ሰው ይማራል፤ አፏን ቀድሜ በመዳፌ ከደንኩት! ገባች።

ዛሬ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ልትጠይቀኝ ስትመጣ አጠገቤ ቦታ እያለ ወንበር ጎትታ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች።

እኔም እስከ ዛሬ ወረቀት ሁሉ ዘቅዝቄ ነው የማነበው። ስልክ ብቻ አቃተኝ፤ ስገለብጠው ጽሑፉም አብሮ ይገለበጥና ይቀናብኛል! መሥሪያ ቤት ሁሉ ወደ እኔ መዞር እምቢ ሲለኝ፣ ስልክ ሳልለምነው ይዞራል፤ እሱም በማይጠቅመኝ ጊዜ። ይኼን ፖስት የጻፍኩት እየተደናቀፍኩ ነው። ግድፈት ካለ የስልኩ ነው።

አንተ ጤና ጣቢያ የቀረጽከኝ ልጅ፣ ይኼ ከደረሰህ ቪዲዮውን ልቀቀው፣ ግድ የለም። ለግራዝማች ያላፈርኩ ለአንተ አላፍርም። ብቻ እኔን ስትቀርጽ እጅህን ስትጎትት የነበረችውን ሕፃን አንድ ነገር ጠይቅልኝ።

ከጠዋት ጀምሮ በጎንህ ተቀምጣ፣ ስንት ዓይንህን አየች?